ግማሽ ያልሞላው ቀለህ

ባሌ ክላይድ ቤት ውስጥ ራሱ የሚሞላልኝን ጥይት ባሩድ የቀየረው የሽጉጡ ርግጫ እጄን አሳመመኝ ስላልኩት ነው። ያስፈራኝም ይኸው ደግነቱ ነው። የድሮው ባሩድ ጉፍ ያለ ስለሆነ የጥይቱን ቀለህ ይሞላዋል፤ ተሳስቶ ሁለቴ ቢጨምር ይፈሳል፣ ማንም ያየዋል። አዲሱ ለእጅ ይለዝባል፤ የሚጨመረው ግን ጥቂት ስለሆነ ቀለሁ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ሁለቴ ቢጨመርም ድምፁን አጥፍቶ ይገባል። እንዲህ ያለ ጥይት ሽጉጡን ይሰነጥቃል፣ ጣት ይወስዳል።

ይህን ስነግረው ዕድሜዬን ሙሉ ጥይት ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ በእኛ በኔብራስካ የእሱን ጥይት የማይመኝ ኢላማ ተኳሽ የለም። ግን የዘንድሮው ክላይድ የአምናው አይደለም። ምድጃ ለኩሶ ይረሳል፣ መኪናውን ያቆመበት ይጠፋዋል። ማን ደፍሮ ይንገረው?

ቅዳሜ ውድድር ነበር። የመጀመሪያውን ዙር በደህና ተኮስኩ፤ እጄንም አላመመኝም። ዕረፍት ላይ ወዳጃችን ቨርነን ወሬ ጀመረ። በቀደም ለክላይድ ደውሎ ስለ አደን ሲያወሩ የጥይት መሙያው ማሽን ሲንቋቋ ይሰማው ነበር።

"ይኼ ሰውዬ እኮ ጥይት እየሞላ ነው የሚያወራኝ፤ ሚስቱ ላይ ምን ቂም አለው?" አለ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ሽጉጤን አየሁት። ባሩድ እየሞሉ ስልክ አይነሳም፤ ለጀማሪ ሁሉ ይህን የሚያስተምረው ራሱ ክላይድ ነው።

ተራዬ ሲደርስ ጣቴ ምላጩን መሳብ እምቢ አለኝ። ጥይቱን አውጥቼ፣ አልተኩስም ብዬ ከውድድሩ ወጣሁ። ክላይድ ሰው ፊት አዋረድሽኝ ብሎ ፊቱ ቀላ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበትና ሽጉጡንና ጥይቱን ወስዶ ማንም ወደሌለበት መለማመጃ ሄደ። ተከተልኩት።

"ክላይድ፣ በእናትህ ተወው።"

"አንቺ ወዲያ ራቂ" አለኝ።

ካመነበት ለምን ያርቀኛል? ያን ጊዜ የባሰ ፈራሁ። ክንዱን ዘረጋ። እኔም ጆሮዬን ይዤ ጠበቅሁ። ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ሽጉጡን ዝቅ አደረገ።

"ሜቪስ፣ ስልኩን ሳነሳ የቱ ላይ እንደነበርኩ አላውቅም" አለ።

ቤት ገብተን ጥይቶቹን አንድ በአንድ እየፈታን ባሩዱን ሳህን ላይ አፈሰስነው። ከሽጉጡ ካወጣናቸው ጀመርን፤ ልክ ነበሩ። ተመስገን ልል ስል የቀጣዩ ጥይት ባሩድ እጥፍ ሆኖ ፈሰሰ።

ክላይድ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው። ከዚያ እጄን ይዞ ጣቶቼን ዳሰሰ።

"ማሽኑን ነቅለሽ ደብቂብኝ" አለ። "እኔ ከነቀልኩት ነገ ረስቼ መልሼ እተክለዋለሁ።"