የቆመ አይመታም

ወርቅአገኘሁ ላሊበላ፣ ከገበያው በላይ ባለች አንዲት ክፍል ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ሰው ሁሉ ወርቁ ይለዋል። እጁ እውነትም ወርቅ ነው፤ አፉ ግን እንደ እጁ አይደለም። ሰው ሲጠይቀው አዋቂ መስሎ መታየት ይወዳል። ጉዱንም ያፈላችው ይህችው ጠባዩ ናት።

ቱሪስት ሲጠፋ ከተዘጉት የእንግዳ ማረፊያዎች የአንዱ ባለቤት የዕቃ ቤቱን ኮተት ሲያራግፍ፣ ለመለዋወጫ ይሆንሃል ብሎ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሰጠው። ኪቦርዱና ሆዱ አንድ የሆነ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚቀጠል፣ ጨዋታውን ከቴፕ ካሴት የሚያነብ፣ ዕድሜው ከወርቁ የማያንስ ዕቃ ነው። ሦስት ቀን ታግሎ አስነሣው። አብሮት በመጣው ካሴት ላይ የነበረው የፈረንጆች የድሮ ጦርነት ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቹ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ቁልቁል ያያል። መሬቱ አረንጓዴ፣ ሰዎቹ ነጫጭ ነጥቦች ናቸው። መስቀለኛዋን ምልክት ነጥቡ ላይ አሳርፎ ቁልፉን ሲጫን ነጥቡ ይጠፋል፤ ቴሌቪዥኑም ጢጥ ይላል።

ወርቁ መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ ሳቁ ቀረ። አገሩ ሁሉ ሰማይ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ነበር። ድሮን የተሰበሰበ ሰው ካየ አይምርም ተብሎ ሰርጉ በጓሮ፣ ለቅሶው ያለ ድንኳን ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የሚደርበውን ነጭ ጋቢ አሰበ፤ የሚስቱን የሰገነትን ነጠላ አሰበ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰገነት አባት መምሬ ወልደ ኪዳን ሬዲዮናቸውን ሊወስዱ መጡና ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ተተከለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ከላይ ሲታይ ነው፣ አባ። አብራሪው እኛን እንዲህ ነው የሚያየን።»

«እኛን» ያለው ሳያስበው ነው። መምሬ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ብዙ ካዩ በኋላ፣ «የቆሙትንስ ለምን አይመታቸውም?» አሉ።

ወርቁም አስተውሎታል። የሚሮጠው ነጥብ ይመታል፤ የቆመው ጥይት ቢዘንብበትም አይጠፋም። ምክንያቱንም ያውቀዋል። የዕቃው ሚሞሪ ከመናኛነቱ የተነሣ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ይከታተላል፤ የቆመውን ከመሬቱ ጋር ደባልቆ ይረሳዋል። ይህን መናገር ነበረበት። እሱ ግን መምሬን የሚያህል ሊቅ ጠይቆት ልቡ አብጦ፣ «የቆመ አይመታም፣ አባ» አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በዚያው ሳምንት ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ያሉ ደባሱ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ አረፉ። ወጣቶቹ አስከሬኑ በጥድፊያ ይግባ፣ ሰው ሜዳ ላይ አይከማች አሉ። መምሬ እምቢ አሉ። አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰባት ምዕራፍ አለው፤ ሰባት ጊዜ ያርፋል፣ ሰባት ጊዜ ይጸለይበታል። «ደባሱ እንደ ጆንያ አይወረወርም። ደግሞስ የቆመ አይመታም፤ ወርቁ መሣሪያውን ከፍቶ አይቶታል» አሉ። የካህን ቃል ነውና ወጣቶቹ እሺ አሉ።

ወርቁ ይህን የሰማው ቀብሩ ላይ ነው። አራተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ መካከል ቃሬዛው ወርዶ ፍትሐቱ ሲጀመር ድምፁ መጣ። ከሩቅ እንደሚሰማ የወፍጮ ቤት ሞተር ነው። ሕዝቡ ተላወሰ።

«ሁላችሁም ባላችሁበት ቁሙ» አሉ መምሬ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው። «ወርቁ፣ ንገራቸው።»

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየው። ወርቁ «ተበተኑ፣ ውሸቴን ነው» ሊል አፉን ከፈተ። በመበተናቸው ቢታዩስ? አፉን መልሶ ዘጋ። ሰገነት እጁን ያዘችው። ዓይኗ ተማምኖበታል፤ ይህ ነው የባሰበት። ሊሮጥ ፈለገ፣ ጉልበቱ ከዳው። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ የእሱ ግን ለእናትም የማይተርፍ ፍርሃት ነበር። ድምፁ ከራሳቸው በላይ ዞረ፣ ደግሞም ዞረ። መምሬ ጸሎታቸውን አላቋረጡም። ወርቁ መስቀለኛዋ ምልክት አሁን ማን ላይ እንዳረፈች ያስባል። በመጨረሻ ድምፁ ሳስቶ ሳስቶ ጠፋ።

ሕዝቡ ወርቁን አገላብጦ ሳመው። የቀሩትንም ሦስት ምዕራፎች ቀጥ ብለው ቆመው አደረሱ።

በማግስቱ አማቱ ዘንድ ሄዶ ነገሩ መጫወቻ መሆኑን ተናዘዘ። መምሬ፣ «ቆመን አልዳንም እንዴ?» ብለው ሸኙት። ለጎረቤቱም ለገበያተኛውም ነገረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የዳነ ሰው ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል።

ወር ሳይሞላ ውባንቺ የምትባል ሴት ከሙጃ ሬዲዮ ልታሠራ መጣች። ወርቁ ሬዲዮውን እየፈታ፣ እንዲያው ለወግ ያህል፣ እነሱም ጋ ድሮን ይመጣ እንደሆነ ጠየቃት።

«ይመጣል እንጂ። በፊት እንሮጥ ነበር፤ አሁን መላውን አወቅን። እዚህ ላሊበላ ያለ አንድ አዋቂ መሣሪያውን ከፍቶ አይቶ፣ የቆመ አይመታም አለ አሉ። ለልጆቼ አስተምሬያቸዋለሁ። ትልቋ ድምፁን ስትሰማ አራቱን ታናናሾቿን እጅ ለእጅ አያይዛ ደጅ ታቆማቸዋለች። አንዳቸውም አይላወሱም።»

ካቻቢቴው ከወርቁ እጅ ወደቀ።

«ያልኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ። ውሸት ነው። የልጆች ጨዋታ አይቼ ነው።»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «ምነው ወንድሜ፤ ሰውዬው ራሱ ቀብር ላይ ከሚስቱ ጋር ቆሞ ነበር አሉ።»

«የቆምኩት ጉልበቴ ከድቶኝ ነው። ፈርቼ ነው።»

ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?» አለች። «ሩጡ ልበላቸው?»

ወርቁ አምስቱን ልጆች ሲሮጡ አሰባቸው፤ ቆመውም አሰባቸው። ሁለቱም ያው ነጭ ነጥብ ነው።

«አላውቅም» አላት።

ውባንቺ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ሬዲዮዋን እንደተፈታ ትታ፣ ወደ ሙጃ የሚመለሰው መኪና ወዳለበት እየሮጠች ሄደች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ አንዲት ደመና እንኳ አይታይበትም።