በልጅዎ አንደበት ይሞላ

ፈለቀ ኮሜዲ የሚያየው ቆሞ ነው። ከተቀመጠ ይዝናናል፤ ከተዝናና ደግሞ ጉድለቱ ያመልጠዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሪሞቱን በግራ እጁ፣ እርሳሱን በቀኙ ይዞ፣ ቅጹን ቡፌው ላይ ዘርግቶ፣ ከቴሌቪዥኑ እስከ መስኮቱ እየተመላለሰ፣ ሰው ሊስቅበት የተሠራውን ነገር ፊቱን አኮሳትሮ ይመረምራል።

ይህን ሹመት የሰጡት የአጥቢያው ሽማግሌዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ በወሩ መጨረሻ እሁድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ በአዳራሹ ለቤተሰብ የሚሆን ፊልም ያሳያል። ፊልሙ ግን አስቀድሞ መመርመር አለበት። ማን ይመርምር ሲባል የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወልዱ፣ "ፈለቀ እያለ ምን ያስጨንቀናል" አለ። ፈለቀ የታወቀ ቡና ቀማሽ ነው። ከዱመርሶም ከጪጩም ዲላ የሚገባውን ቡና በማንኪያ ስቦ፣ አፉ ውስጥ አንከባሎ፣ ተፍቶ ነጥብ ይሰጣል። ከናሙናው ውስጥ ነቀዝ የበላት አንዲት ፍሬ ብትኖር አታመልጠውም። ቡናን እንዲህ የሚለይ ሰው ፊልም ያቅተዋል? አላቃተውም። በሁለት ዓመት አሥራ አራት ፊልም መርምሮ ሦስቱን አሳለፈ፤ ከሦስቱም አንዱ ስለ ንብ እርባታ ነበር።

ቅጹ ስድስት መስመር አለው፤ እሁድ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ፈለቀ መድረክ ላይ ወጥቶ ለወላጆች ያነበዋል። ስድብ፣ ውሸት፣ መጠጥ፣ አለባበስ፣ ወላጅን መናቅ፤ ጥፋቱ በታየ ቁጥር አንድ ጭረት ይሰመራል። ስድስተኛው ላይ፣ "ልጅዎ ከፊልሙ ምን ተማረ? በልጅዎ አንደበት ይሞላ" ይላል። ሽማግሌዎቹ ይህን የጨመሩት ወላጅና ልጅ አብረው አይተው እንዲነጋገሩ ብለው ነው። ፈለቀ ደግሞ ያልተመረመረ ፊልም ለልጅ ማሳየት አይሆንለትም። ስለዚህ አሁን አሥራ ሦስት ዓመት የሞላትን ልጁን ቤቴልን ጎረቤት ይልካትና፣ ብቻውን አይቶ ሲጨርስ ስድስተኛውን መስመር ራሱ ይሞላዋል። "ቤቴል ፈለቀ፦ ፊልሙ ለወላጆቼ ያለኝን አክብሮት ሊቀንስ ስለሚችል ባይታይ እመርጣለሁ።" የትኛው ልጅ እንዲህ አድርጎ እንደሚናገር አንድ ቀንም ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

የዛሬው ፊልም፣ ወደ አማቱ ድግስ ላለመሄድ ጥርሴን አመመኝ ብሎ አገጩን በሻሽ ጠፍሮ ስለተኛ አባት ነው። እሱ ቢቀር ድግሱ አልቀረለትም፤ በትልቅ ድስት ሆኖ ቤቱ ድረስ መጣበት። ልጆቹ እንደሚዋሽ ያውቃሉ። አንዱ የተጠበሰ በቆሎ ያቀርብለታል። ትንሿ ደግሞ ማዕድ ላይ ዓይኗን ጨፍና፣ "ጌታ ሆይ፣ የአባዬን ጥርስ ፈውስ፤ ካልፈወስከውም ድርሻውን ለእኔ አድርግልኝ" ብላ ትጸልያለች።

ፈለቀ ሳቀ። ሳያስበው በአፍንጫው አመለጠው። ወዲያው ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ማንም የለም። ፊልሙን አቁሞ "ወላጅን መናቅ" በሚለው ላይ ሁለት ጭረት አሰመረ፤ በጸሎት መቀለድ የሚል መስመር ስለሌለ አንዱ ለእሱ ማካካሻ ነው። ውሸቱ አምስት ደርሷል።

በዚህ መሀል ከግድግዳው ማዶ ሌላ ሳቅ መጣ። የቤቴል ሳቅ ነው። ጎረቤታቸው ሐያት ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ልጇ ሶፍያና ቤቴል አንድ ክፍል ይማራሉ። ፈለቀ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ልጁ እንዲህ ሆዷን ይዛ ስትስቅ የሰማው መቼ ነው? እቤት ከአፏ የሚወጣው "እሺ" ብቻ ከሆነ ሰንብቷል። ቤቲ ምሳ ብዪ፤ እሺ። ቤቲ አጥኚ፤ እሺ። ይህን ጨዋነት ነው እያለ ለሰው ሲያወራ ከርሟል። አሁን ያ ሳቅ የጭቃውን ግድግዳ አልፎ ሲመጣ ግን ቀና። በጎረቤት ቤት፣ በጎረቤት ግድግዳ ቀና። ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ።

"ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትንቆራጠጠው?" አለች ሚስቱ ሸዋነሽ፣ ከገበያ ገብታ ዘንቢሏን እያስቀመጠች።

"ጠዋት ወልዱ ደውሎ ነበር። ነገ ልጆቹም ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ምርመራውን ይስሙ አለ።"

"ይስሙዋ፤ ምን አለበት?" ቅጹን አነሳችና ስድስተኛው መስመር ላይ ቆመች። ፈለቀ ፊልሙ ሳያልቅ ሞልቶት ነበር። "ይህን መቼ አለችህ?"

"ብትጠየቅ ይህንኑ ነው የምትለው።"

"አልጠየቅሃትማ።"

"ሸዋዬ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።"

"እሺ፣ አንተ ያቦካኸውን ታዲያ ለምን በሷ ስም ታቀርበዋለህ?"

ፈለቀ እርሳሱን ቡፌው ላይ ያንከባልለው ጀመር።

"ቡና ሳትቀምስ ነጥብ ሰጥተህ ታውቃለህ?" አለችው።

"እንዲያ ያደረገ ሰው በነጋታው ይባረራል።"

ሸዋነሽ ዘንቢሏን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ፈለቀ ፊልሙን ሳይጨርስ አጥፍቶ ልጁን ሊጠራ ወጣ። ከጠዋት የጀመረው ካፊያ አላባራም። ሐያት በሯ ላይ ቆማ አገኘችው፤ እንደ ወትሮው ግባ አላለችውም፤ መዝጊያውን ከኋላዋ ገርበብ አደረገች።

"የቤቲ አባት፣ አይክፋህና አንድ ነገር ልንገርህ። በእናንተ ቸርች ጉዳይ መግባት አልፈልግም። ግን ቤቲ ለሶፊ ስትነግራት ሰማኋት፤ ነገ መሄድ አልፈልግም ትላለች።"

"ለምን?"

"ልጆቹ አጠገቧ አይቀመጡም አሉ። ፊልሙን ሁሉ የምታስከለክለን እሷ ናት ብለው ስም አውጥተውላታል።"

"ማን ብለው?"

"ከሳሿ ነው የሚሏት።"

ሐያት ቃሉን እንደ ማንኛውም ስድብ ነው የተናገረችው። ፈለቀ ግን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ እነሱ ጋ፣ በስብከቱም በጸሎቱም፣ ከሳሽ የሚባለው ሰይጣን ነው። ነገሩ እንዴት እንደተያያዘ ወዲያው ገባው። ወላጆቹ ከስብሰባው ወጥተው፣ "ቤቴልን እዩ፤ ባይታይ እመርጣለሁ ያለችው እሷ ራሷ ናት" እያሉ ልጆቻቸውን ሲገሥጹባት ኖረዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የቤቴል ቃል ግን ከአፏ ሳይወጣ ነው አፋፍ የደረሰው። ልጅቷን ጠርቶ ገባ፤ እራት ቀርቦለት ሁለቴ ጎርሶ ተወው።

እሁድ ጠዋት ሸዋነሽ የመዘምራን አባል ስለሆነች ቀድማ ሄዳለች። አባትና ልጅ የባጃጅ ጎማ ያቦካውን ጭቃ እየዘለሉ በእግራቸው ወረዱ። ፈለቀ ሦስት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሦስት ጊዜ ዘጋው። በአራተኛው፣ "ቤቲ፣ ልጆቹ ያስቸግሩሻል እንዴ?" አለ።

"ኧረ ምንም አይሉኝም።" ትንሽ ሄዳ ቆመች። "አባዬ፣ ዛሬም ታነባለህ?"

"አነባለሁ። ተሰጥቶኝ የለ?"

"እሺ" አለች።

ይቅርታ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ አልወጣለትም። በምትኩ አንድ ዘዴ መጣለት። ስድስተኛውን መስመር ዘልሎ ያልፈዋል። ማን ልብ ይላል? ከዛሬ ወዲያም አይጽፈውም፤ ነገሩ በዚያው ይረሳል። ቀምሶ መትፋት የለመደ ሰው አይደል፣ ጥፋቱንም እንዲሁ ተፍቶ አፉን ሊጉመጠመጥ አሰበ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጆቹ በአንድ አግዳሚ ሰባት ስምንት ሆነው ተጣበው ተቀምጠዋል። ሦስተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ቤቴል ብቻዋን አለች፤ ከጎኗ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ አለ። ፈለቀ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በየእሁዱ አምልኮ፣ ከልጁ ጎን ይህን ባዶ ቦታ ስንት ጊዜ አይቶት ይሆን? አይቶታል፤ ግን አላየውም።

የቡና ውጤት በሚያነብበት ድምፅ ጀመረ። "ውሸት፣ አምስት ጭረት። አንደኛ፣ አባት የማያምመውን ጥርስ በሻሽ አስሯል። ሁለተኛ፣ የታሰረ አገጩን ይዞ ጓዳ ውስጥ የዶሮ እግር ሲግጥ ተገኝቷል። ሦስተኛ፣ ለምን እንደገባ ሲጠየቅ መድኃኒት ፍለጋ ነው ብሏል።"

ከኋላ አንዲት ሴት በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው? የትንሿ ጸሎት ላይ ሲደርስ ወልዱ ራሱ ዓይኑን በመሀረብ ይጠርጋል። ፈለቀ ያገደውን ፊልም ቆሞ እያሳየ እንደሆነ የገባው ዘግይቶ ነው። ልጆቹ ይንከተከታሉ። ቤቴል ግን አልሳቀችም። መሬት መሬት እያየች ስድስተኛውን መስመር ትጠብቃለች።

"ምርመራው ይኸው ነው" አለና ቅጹን አጠፈ።

"ቆይ እንጂ ልጄ" አሉ ከቡሌ ወርደው እዚሁ የሚኖሩት እማማ አልጣሽ። "ያቺ ልጅህ ምን አለች? እኔ እኮ ሁልጊዜ ለልጅ ልጆቼ የምነግራቸው የሷን ነው።"

ልጆቹ ገና ሳይነበብ ወደ ቤቴል ዞረዋል። ቤቴል አንገቷን ይበልጥ ደፋች። ፈለቀ ዛሬ አልተሞላም ቢል ያልፍለት ነበር፤ አልጣሽም ተቀብለው ይቀመጡ ነበር። ልጁ ግን ከሳሿ እንደሆነች ትቀራለች።

"ቤቴል ፊልሙን አላየችውም" አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። "ያለፉትንም አላየቻቸውም። በሷ ስም ያነበብኩላችሁን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሷ የሆነ አንድ ቃል የለበትም።"

ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ወልዱ መሀረቡን ኪሱ ከተተ። "ስንቱን ነው፣ ወንድም ፈለቀ?"

"አሥራ አራቱንም።" ፈለቀ ያጠፈውን ቅጽ ዘረጋ። "ፊልሙ ላይ ያለው ውሸት አምስት ነው። እኔ እዚህ ቆሜ አሥራ አራት ዋሽቻለሁ። በልጄ አፍ።"

ወልዱ ወደ መድረኩ መጥቶ ቅጹን ተቀበለው። ከሽማግሌዎቹ ጋር አንገት ለአንገት ተጠጋግተው ተነጋገሩና፣ ፊልሙ እንዲታይ፣ ስድስተኛውን መስመር እያንዳንዱ ልጅ ለቤቱ ራሱ እንዲሞላ፣ ምርመራውም ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ተወሰነ። ፈለቀ አፍሮ ወረደ። ሰው ሁሉ የሚያየው ጫማውን መሰለው። ሦስተኛው አግዳሚ ጋ ቆመ።

"አጠገብሽ ልቀመጥ?"

ቤቴል ቀና ብላ አላየችውም። ዓይኗ ቀልቷል። "ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ። "ማንም አይቀመጥበትም።"

ፈለቀ ተቀመጠ። ይቅርታዋን አልሰጠችውም፤ እሱም ለመጠየቅ አፍ አልነበረውም። መብራት ጠፍቶ ፊልሙ ተጀመረ። ኮሜዲ ተቀምጦ አይቶ ስለማያውቅ እግሩን የሚያሳርፍበት አጣ። አገጩን የጠፈረው አባት ሲመጣ እጁ ሪሞት ፍለጋ ኪሱ ገባ። ትንሿ ልጅ ማዕድ ላይ ዓይኗን ስትጨፍን ደግሞ ሳያውቀው ብድግ አለ።

ቤቴል ኮቱን ያዘች።

"አባዬ፣ ዝለሉት እንዳትላቸው። ማየት እፈልጋለሁ።"

"እሺ" አለ ፈለቀ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።