ጎረቤት እንዳይሰማ

አለቃችንን ከኋላቸው «ካዝናው» እንላቸዋለን። በመብራት መቆጣጠሪያ ክፍላችን «ምስጢር» የሚል ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት የለም፤ የሻይ ተራ የወጣበት እንኳ ምስጢር ነው። የኔ አፍ ደግሞ አያርፍም። እንዴት አንድ ክፍል እንደቻለን እግዜር ይወቀው።

ክፉ ሰው ግን አይደሉም። ሐኪም ቤት የሚፈራውን ሠራተኛ ሁሉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ እጁን ይዘው የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። ጎረቤት አገሮች ተሰብስበው «የኮምፒውተር ጥቃት የደረሰበት ለሌሎቹ ወዲያው ይናገራል» ብለው ሲስማሙም በኛ በኩል የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ሲፈርሙ የተነሱት ፎቶ ከወንበራቸው በላይ ተሰቅሏል። ስምምነቱን ግን ከነአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ ካዝና ውስጥ ቆለፉበት። ምስጢር ነዋ።

ያን ቀን ሥራ ስገባ ልቤ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ታናሽ እህቴ ያገባችው ድንበር ማዶ ነው። ሰሞኑን ጊዜው ሳይደርስ ወለደችና ልጁ ሆስፒታል ማሞቂያ ውስጥ ገባ። ጩጬ ብለነዋል። የሆስፒታሉ መብራት የሚሄደው ከኛ በሚነሳው መስመር ነው፤ ጄኔሬተሩ እንደሆነ ተበላሽቶ ቆሟል። ስለዚህ ጩጬን የማሞቀው እኔ ነኝ ብዬ፣ እንደዚያ ሰሞን ሥራዬን ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም።

ረፋዱ ላይ የአንዱ ኮምፒውተር ስክሪን ጠቆረ። አጠገቡ ያለውም ተከተለ። ገመድ ስነካካ አለቃችን ከቢሯቸው ብቅ አሉ፤ ላብ አጥምቋቸዋል።

«የኔም ጠፋ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምን ከፍተው ነበር?»

«ምንም።»

«ጋሼ።»

«አንድ መልእክት መጥቶ ነበር» አሉ በሩን በሩን እያዩ። «ከላዩ ‹እጅግ ጥብቅ ምስጢር፤ ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይከፍተው› ይላል። ታዲያ እኔ ካልከፈትኩት ማን ሊከፍተው ነው?»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጩጬ ትዝ አለኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምስጢር ሲያትሙ ኖረው፣ ለሳቸው ምስጢር የላከላቸው የመጀመሪያው ሰው ሌባ ሆኖ አረፈው። ሌባው ከሳቸው ኮምፒውተር ወደኛ እየተሻገረ ነው። መስመሩን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ጋ ከደረሰ፣ እዚህ ሆኖ ማዶ ያለውን ሆስፒታል ያጨልመዋል።

«ለማዶዎቹ እንንገራቸው፤ እነሱም ይዘጋጁ» አልኩ።

«አብደሻል? ገመናችንን ለጎረቤት? መሳቂያ ልታደርጊን ነው? እዚሁ እንወጣዋለን።»

«በምን ጋሼ? ስክሪኑን በመወልወል?»

«ሥርዓት ያዢ።»

ሥርዓት ያዝኩ። የክፍላችን ሦስተኛ ስክሪን ሲጠቁር ግን እንባዬ ቀደመኝ።

«ማዶ ማሞቂያ ውስጥ ያለው የእህቴ ልጅ ነው። መሳቂያ ብንሆን አብረን እንስቃለን፤ እሱ ከቀዘቀዘ ግን አይመለስም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ቀና ብለው በቢሯቸው በር በኩል ፎቷቸውን አዩት። «ቁጥሩ እኮ ካዝና ውስጥ ነው» አሉ።

በየቀኑ ከማዶዎቹ ጋር የመስመሩን ጭነት የምንነጋገርበትን ስልክ ደውዬ፣ ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ከማዶው አለቃ ጋር አገናኟቸው፤ አብረው የፈረሙት ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ ሌባ ገብቶብናል» አሉ። «በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹እጅግ ጥብቅ ምስጢር› የሚለውን ነው?»

«በምን አወቅህ?»

«እኔም ከፍቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት።»

«ባለፈው ሳምንት? ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ትስቅብኛለህ ብዬ።»

ካዝናው ቱግ አሉ። «ስምምነት ፈርሞ ከጎረቤቱ የሚደብቅ ሰው...» ብለው ጀመሩና ዓይናችን ሲጋጭ ተዉት።

«መስመሩን የሚያዝዘውን ኮምፒውተር ከሌሎቹ የሚያገናኘውን ገመድ አሁኑኑ ንቀሉ» አለ የማዶው። «ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ሰው አስቀምጡና በእጅ ሥሩ። የሚያጸዳው ባለሙያ አለን፤ እልክላችኋለሁ።»

ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ገመዱን ነቀልኩት። አራተኛው ስክሪን ሳይጠቁር ቀረ። እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ስለ እህቴ ልጅ ነገርኩትና የሆስፒታሉን መስመር ጠየቅኩት።

«እሱን ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ተቀምጬ ቀን ቀን የምጠብቀው እኔው ነኝ» አለ አፈር እያለ። «ማታ ደግሞ የሚስቴ ወንድም። ወሬው እንዳይወጣ ሌላ ሰው አልመደብኩም። ሁለታችንም እንቅልፍ ካየን ሰነበትን።»

ለካ ጩጬን ሲያሞቁት የሰነበቱት ሁለት ኩራተኞች ናቸው። እኔ ደግሞ በኔ ጥንቃቄ መስሎኝ።

አለቃችን ቁጥሩን ከማዶው አለቃ ተቀብለው፣ ስልኩን ሳያስቀምጡ ስምምነቱን አብሮ ለፈረመው ለሦስተኛው ጎረቤት አገር ደወሉ። እዚያ ያለው ሰው መልእክቱ ዛሬ እንደደረሰውና ብቻውን ሆኖ ሊከፍተው ገና በሩን እየዘጋ እንደነበር ተናገረ።

«እንዳትከፍተው» አሉ፤ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማቸው። «እኔ ከፍቼው ጉድ ሆኛለሁ።»

ጩጬ ከማሞቂያው የወጣ ዕለት እህቴ ስልክ ላይ እልል አለችብኝ። ለአለቃችን ስነግራቸው፣ ሳልጠይቃቸው ስልኩን አንስተው ማዶ ደወሉ።

«ወንድሜ፣ ልጁ ወጣ» አሉ።

የማዶው አለቃ «ወጣ! ልጁ ወጣ!» ብሎ ወደ ኋላው ጮኸ። ከኋላው የሚስቱ ወንድም ሲያለቅስ ይሰማ ነበር።