ከአልጋ ስር የተገኘው ቀንድ

ሐቢባ ሲህር የሚባለውን ድግምት በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ስለ ሲህር ግን የማታውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ኦክላንድ ባለው አፓርታማቸው የልጇን የካውሰርን አልጋ ስር ስትጠርግ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ቀንድ ስታገኝ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ቀንዱ ላይ ምልክቶች ተቀርጸውበታል። አረብኛ አይደለም፣ አማርኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይደለም። ይባስ ብሎ አንዱ ምልክት በአንደኛው ጎን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በሌላኛው ጎን ተዘቅዝቋል።

"አዑዙ ቢላህ!" አለች። ፊደል የሚዘቀዝቅ ሰው ለደግ አይዘቀዝቅም።

አሁን ሁሉም ነገር ገባት። ካውሰር ከሳን ሆዜው ኢሊያስ ጋር የምታስረውን ኒካህ ሁለት ጊዜ አራዝማለች። ልጁ ደግሞ ምን ይወጣለታል? ሥራው ማውንቴን ቪው ያለ ትልቅ የኮምፒውተር ኩባንያ፣ ጸባዩ ማር። እንዲህ ያለውን እምቢ የሚያሰኝ፣ ሰው የሠራው ነገር ነው። ማን? ፎቅ ላይ ያለችው ሌይላ ናት እንጂ! ያላገባች ልጅ አላት፤ ኢሊያስን ባየች ቁጥር ሳህን ሙሉ ሳምቡሳ የምታሸክመው በከንቱ አይደለም። በቀደም እንኳ ስኳር ልትዋስ መጥታ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ስኳር መኝታ ቤት ይቀመጣል?

ሲህር በውሃ እንደሚፈታ አክስቷ ደሴ ሳሉ ነግረዋታል። ባልዲ ውሃ ላይ ከሐጅ ያመጣችውን ዘምዘም ጨመረችበት፤ ከቁርአን አያተል ኩርሲን ቀርታ ቀንዱን ነከረችው። ምልክቶቹ ጠፉ፤ ቆየት ብሎ ቀንዱ ራሱ ተፈረካክሶ ጭቃ ሆነ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቀ!"

በዚያው ሞቅታ ደረጃውን ወጥታ የሌይላን በር ደበደበች።

"ቀንድሽን አሟሟሁልሽ! ሁለተኛ ቤቴ እንዳትደርሺ!"

"የምን ቀንድ?" አለች ሌይላ። ሐቢባ ይህንንም የሌባ መልስ አድርጋ ወሰደችው። ሐቢባ ኦፕሬሽን የሆነች ጊዜ ሾርባ ያመላለሰችላት ሌይላ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ በሯን ዘጋች።

ማምሻውን ካውሰር ከበርክሌ ዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ባልዲውን አየች።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ኡሚ! ፕሮጀክቴን!"

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በአልፕስ ተራሮች የኖሩ፣ ሬቲያውያን የሚባሉ ሰዎች አጋዘን ቀንድ ላይ ይጽፉ ነበር። "ኡ" የሚለውን ድምፅ አንዱ አካባቢ ቀጥ አድርጎ ይቀርጸዋል፣ ሌላው ይዘቀዝቀዋል። ካውሰር የትኛው ለእጅ እንደሚቀል ልትሞክር የሸክላ ቀንድ ሠርታ ሁለቱንም ቀርጻበታለች። ሸክላው ገና እሳት አልነካውም ነበር።

"ምን ይላል ታዲያ?" አለች ሐቢባ ይህን ስትሰማ።

"ፊደሉን ማንበብ እንችላለን፤ የቃላቱን ሚኒንግ ግን ብዙውን አናውቀውም።"

"ካላወቃችሁት፣ ሲህር እንዳልሆነ በምን ታወቀ?"

ካውሰር ጭቃውን ከባልዲው መልቀም ጀመረች።

"ለምን ደበቅሽው?"

"እንዲህ እንደምታስቢ አውቄ ነዋ።"

"ኒካሁንስ ማን አስተወሽ? እሱን ንገሪኝ!"

"ማንም። እኔ ነኝ። ኢሊያስን አልወደውም፣ ኡሚ። ልነግርሽ ፈርቼ ፖስትፖን አደረግኩት።"

ሐቢባ ባልዲው አጠገብ ቁጭ አለች። ምነው ሲህር በሆነ! ሲህር በውሃ ይለቃል። ከላይ የሌይላ እርምጃ ይሰማል። ተነስታ ወደ ደረጃው ሄደች፤ መሃል ላይ ስትደርስ ግን ምን ብላ እንደምታንኳኳ ጠፍቷት ቆመች።