ከትሮምሶ እስከ ኦስሎ
የዚያን ዓመት በብርድ ወራት ዓሣው ከትሮምሶ ዳርቻችን ጠፋ። እኛ አጥማጆቹ ርቀን ባሕር ላይ ሳለን እናቴ ታመመች። እህቴ ኦስላውግ ከኦስሎ መጥታ በእኔ ፈንታ አስታማ ቀበረቻት።

«ዕዳ አለብህ፤ መጥተህ ጠይቀኝ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ትደውል ነበር። «አንተ ፈሪ! በአውሮፕላን እኮ ሁለት ሰዓት አይሞላም።»

«ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው» እላታለሁ።

«በእግርህ ና አልኩህ እንዴ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ አለፈ። ዘንድሮ ልጇ ደወለች። «አጎቴ፣ እማማ እየደከመች ነው፤ ቶሎ ይምጡ።»

ተሳፈርኩ። ጋዜጣዬን አንብቤ ሳልጨርስ አውሮፕላኑ አረፈ። አፈርኩ።

ኦስላውግ ከአልጋዋ ሆና አየችኝ። «መንገዱ እንዴት ነበር?»

«አጭር ነው» አልኳት።

ስምንት ቀን አስታምሜ ቀበርኳት።