ሸራው ሥር የቆሙ ሽማግሌዎች

1.

አይልቀቁ።

2.

ይህን ያልኩት ለሻምበል ተካልኝ ነው። ልጄን ሰናይትን ለይድነቃቸው ሊጠይቁ ከመጡት ሦስት ሽማግሌዎች አንጋፋው ናቸው። ንግግራቸውን ገና ሲጀምሩ ነፋሱ መጣ፤ ዝናቡም ተከተለው። ከቫናችን ጎን የተዘረጋው ሸራ ሊነሳ ሲል ሻምበል አንዱን ምሰሶ በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔም ሳላስብ «አይልቀቁ» አልኳቸው። ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም። ግን ምሰሶው ብረት ነው፤ ነፋስ ያነሳው ብረት ደግሞ የሚያርፈው ሰው ላይ ነው።

3. ሸራ አዘረጋግ (ባለቤቴ ምትኩ እንደነገረኝ)

የቫኑን ጀርባ ለነፋስ ስጪ። ሸራውን ከጣሪያው ጎትቺ። አራቱን ምሰሶዎች አቁሚ፣ ገመዱን በካስማ ወጥሪ። ከዚያ ወንበር አውጥተሽ ሐይቁን እያየሽ ተዝናኚ።

4. ሸራ አዘረጋግ (እኔ እንደማስበው)

አትዘርጊ።

5.

ሽማግሌ ላንጋኖ ዳር ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ምትኩ ጡረታ ሲወጣ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው አሮጌ ቫን ገዛ፤ ሸራውን ብየዳ ቤት አሠርቶ ገጠመለት። ለሽማግሌዎቹ «እሑድ ኑ» ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ረሳው። እሑድ ጠዋት እኔንና ሰናይትን ጭኖ እዚህ አመጣን። ሽማግሌዎቹ የተቆለፈ በር አንኳኩተው፣ ጎረቤት ጠይቀው፣ ተከተሉን። በእነሱ በኩል ልክ ናቸው። ቀጠሮ ቀጠሮ ነው።

6. የሚያስፈራኝ

የቫኑ ፍሬን ተለቅቆ ሁላችንም ምሰሶ እንደያዝን ሐይቁ ውስጥ መግባታችን።

መብረቅ።

ይድነቃቸው።

ጨዋ ልጅ ነው፤ ክፉ አልሰማሁበትም። ግን ሥራው የመብራት ምሰሶ ላይ እየወጡ ሽቦ መቀጠል ነው። ፊቱን ባየሁ ቁጥር ከላይ ሲወድቅ ይታየኛል። ቀጥሎ ሰናይት ትታየኛለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ስለዚህ ምትኩን «ያለ እኔ እሺ እንዳትል» ብዬ ቃል አስገብቼዋለሁ።

7. የግርጌ ማስታወሻ፣ ግን እዚህ ይሻላል

ሽማግሌ ጉዳዩ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም። ሙሽራ ልትሆን የታሰበችው ልጅም ፊት አትታይም። ሰናይት ስለዚህ ቫኑ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ ከሻምበል ጆሮ አንድ ክንድ ርቃ።

8.

ሻምበል አንድ ምሰሶ። አቶ ደጉ አንድ ምሰሶ። እስካሁን ቃል ያልተነፈሱት አቶ መንበሩ አንድ ምሰሶ። እኔ አንድ። ውኃው መሃል ላይ ተጠራቅሞ ሸራው ሆድ ስላወጣ ምትኩ ሆዱን ከሥር በመጥረጊያ እንጨት ደግፎ ቆሟል።

9. የተነጋገርነው

ሻምበል፦ አቶ ምትኩ፣ እኛ የመጣነው ልጅዎን—

(ነፋስ።)

ሻምበል፦ —ልጅዎን ለልጃችን—

አቶ ደጉ፦ ሻምበል፣ ውኃው በአንገቴ እየገባ ነው። ቢያሳጥሩት።

ሻምበል፦ ወግ አይታጠርም።

ምትኩ፦ ኧረ ምሰሶውን ለኛ ተዉትና ቫኑ ውስጥ ግቡ። ነውር ነው።

ሻምበል፦ ነውሩስ ጉዳያችን ሳይሰማ መግባቱ ነው።

ምትኩ፦ ሰምተናል። እንደ ደንቡ ዘመድ አማክረን ቀጠሮ እንስጣችሁ።

አቶ ደጉ፦ ቀጠሮ ከሰጡን መሄድ አለብን።

ምትኩ፦ አዎ።

አቶ ደጉ፦ ከሄድን ምሰሶውን መልቀቅ አለብን።

እኔ፦ አይልቀቁ።

ሻምበል፦ ታዲያ ቀጠሮው እስኪደርስ እዚሁ ልንቆም ነው?

ምትኩ፦ (የሸራውን ሆድ በመጥረጊያው እንጨት ወደ ላይ ይገፋል።)

ሰናይት፦ (ከመጋረጃው ጀርባ) አባዬ፣ ሸራውን ጠቅልለው።

ሻምበል፦ ይህን ድምፅ አልሰማንም።

አቶ ደጉ፦ አልሰማንም። ግን ልክ ናት።

10.

ሸራው የሚጠቀለለው ጣሪያው ላይ ያለው መንጠቆ ሲላቀቅ ነው። መንጠቆው ነክሶ አልላቀቅ ብሏል። ጣሪያው ላይ የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል። የምትኩ ጉልበት አይታጠፍም። ሽማግሌ ጣሪያ ላይ አይወጣም። እኔ ወንበር ላይ እንኳ አልወጣም።

ያኔ አቶ መንበሩ ተናገሩ።

«መውጣት የሚችልስ አለ።»

11.

ወዲያ ካለው ግራር ሥር፣ ሽማግሌዎቹን ያመጣቸው መኪና ቆሟል። ሹፌሩ ይድነቃቸው ነው። ከመኪናው ወርዶ ዝናቡ ውስጥ ቆሟል፤ ወደኛ ያያል፤ አንድ እርምጃ አይጠጋም። እሺ ሳይባል መቅረብ አይችልማ።

እሺ ከተባለ ደግሞ የመጀመሪያ ሥራው መውጣት ነው።

በነፋስ።

እርጥብ ብረት ላይ።

እኔ እያየሁ።

12. የተነጋገርነው፣ የቀጠለ

ምትኩ፦ እኔ ያለ እናቷ አልናገርም። ቃል ገብቻለሁ።

ሻምበል፦ ወይዘሮ ጥሩአየር፣ እንግዲህ እርስዎ ነዎት።

እኔ፦ ሥራ ላይ ሲወጣ ቀበቶ ያስራል?

(ሻምበል አቶ ደጉን ያያሉ። ስለ ልጁ ዘርና ጠባይ ተዘጋጅተው ነው የመጡት። ስለ ቀበቶ አልተዘጋጁም።)

አቶ መንበሩ፦ ያስራል። ግን ዋሽቼ አላጽናናዎትም። ቀበቶም ይበጠሳል።

አቶ ደጉ፦ አንተ ሰውዬ፣ ዝም እንዳልክ ብትቀር ምን ነበረ?

ሰናይት፦ እማዬ፣ እኔም እፈራለሁ። ግን ከሩቅ ሆኜ ከምፈራለት ቤቱ ሆኜ ልፍራለት።

ሻምበል፦ ይህንንም አልሰማንም።

(አፍንጫቸውን በትከሻቸው ይጠርጋሉ። ዝናብ ይሁን ሌላ እንጃ።)

13.

ካስማ ተነቀለ። ቀጥሎ ሌላ። አቶ ደጉ ከነምሰሶአቸው አንዴ ከመሬት ተነስተው ተመለሱ፤ በጨዋነት ስለዚህ ምንም አላሉም።

ሻምበል፦ እሺ ካሉ በእጅዎ ይጥሩት። በዚህ ነፋስ ድምፅ አይደርስም።

በሁለት እጄ ምሰሶ ይዣለሁ።

የቫኑ በር ተከፈተ። ሰናይት ወረደች። ሦስቱም ሽማግሌዎች ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ፤ አላዩአትም። ከእጆቼ በታች ምሰሶውን ጨበጠችው።

«ያዝኩት፣ እማዬ።»

14.

እዚህ ላይ የምጽፈው ብዙ ነበር። እሱ ከግራሩ ሥር እጄን ያያል። እሷ ፊቴን ታያለች።

ቀኝ እጄን ከምሰሶው አላቅቄ

15.

ጠራሁት።