የአቶ እጅ ፍሬን የመጨረሻ ተፈታኝ

አባትየው ዕድሜያቸውን የፈጁት ሰው በመጣል ነው። የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበሩ። ተፈታኝ ሲሳሳት አይቆጡም፣ አይመክሩም፤ እጅ ፍሬኑን ይስቡና «ወድቀሃል፣ ነገ ተመለስ» ብለው ከመኪናው ይወርዳሉ። ሰዉ «እጅ ፍሬን» የሚል ስም ያወጣላቸው በዚህ ነው። የገዛ ልጃቸውንም ሦስት ጊዜ ጥለዋታል። ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ ልብስ ስፌት ተማረች። «አልፈሻል» የምትል ቃል ከአባቷ አፍ ሳትሰማ ፀጉሯ መሸበት ጀመረ።

አንድ እሑድ ባንክ ቤት የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ መጣ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «አባዬ፣ አልጋ ላይ ሳይውሉ በፊት ብንነጋገርስ?» አለ። ቤቱ ይሸጥ፣ እርስዎም ደህና መጦሪያ ይግቡ ነው ነገሩ። ልጅቷ የምትኖረውም የምትሰፋውም በዚሁ ቤት የፊት ክፍል ነው። የምትሳሳው ለአባቷ እንጂ ለክፍሉ እንዳልሆነ ልታስረዳ ስትሞክር፣ ለክፍሉ የሳሳች መሰለባት።

እጅ ፍሬን ሁለቱንም ሰሙ። ከዚያም፣

«እኔ እጦራለሁ የሚል በተግባር ይፈተናል» አሉ። «ያለፈ ቤቱንም እኔንም ይረከባል፤ ኑዛዜዬን በምስክር ፊት እጽፍለታለሁ። ሁለታችሁም ከወደቃችሁ ይሸጥ፣ መጦሪያ እገባለሁ። በወሬማ ሁሉም ሹፌር ነው።»

«በደህናዎ?» አለ ልጅየው።

«መንዳት የሚለመደው ከአደጋው በፊት ነው።»

ከጎረቤት ተሽከርካሪ ወንበር ተዋሱና፣ ከአሁን ወዲያ እግሬ አይሠራም ብለው ተቀመጡበት።

ወንድምየው ከሳሎን ወጥቶ መታጠቢያ ቤት አልደረሰም። ስልኩ ጮኸ፤ በአንድ እጁ እየገፋ በሌላው አነሳ። የወንበሩ ፍሬን ሲጥ አለ። «ወድቀሃል» አሉ። ልጅየው ብዙም ያዘነ አይመስልም ነበር።

የእሷ ፈተና ግን ሰነበተ። መጀመሪያ ከወንበር ወደ አልጋ ስታሸጋግራቸው ፍሬን መያዝ ረሳች። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ እጅ ፍሬን በሁለት እግራቸው ቀጥ ብለው ቆሙና «ወድቀሻል» አሉ። በማግስቱ አልጋቸው ላይ በጎን ልታዞራቸው ብድግ ስታደርጋቸው፣

«ፍሬቻሽ የታለ?» አሏት።

«የምን ፍሬቻ?»

«ሰው ጆንያ አይደለም። ወዴት እንደምታዞሪው አስቀድመሽ ንገሪው። ወድቀሻል፣ ነገ ተመለሺ።»

ሾርባውን አጣድፋ ስታጎርስ ከፍጥነት ወሰን በላይ ተብላ ወደቀች። ውሃውን በእጇ ሳትሞክር ፊታቸውን ስታጥብም ወደቀች። በጣሏት ቁጥር እሳቸው ከአልጋ ይነሳሉ፣ ጫማቸውን ያጠልቃሉ፣ ጋዜጣ ሊገዙ ይወጣሉ። እሷ በንዴት ጥርሷን ነክሳ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ልብስ ሊያስለኩ የመጡ ደንበኞች «ዛሬስ?» ይሏታል።

«ወደቅሁ።»

«አይዞሽ፣ እኔንም ጥለውኛል።»

አንድ ሐሙስ ግን ሁሉም ነገር ሰመረላት። «አባዬ፣ አሁን ወደ ቀኝ ላዞርዎት ነው» አለች፤ አዞረቻቸው። ያን ቀን ከበዷት፤ ከበድ ያለ ፈተና ያወጡላት መሰላት። ውሃውን በክንዷ ሞክራ አጠበቻቸው። ወንበሩን ከአልጋው አስጠግታ ፍሬኑን ያዘች፤ መታጠቢያ ቤት ወስዳ መለሰቻቸው። በመጨረሻ ትራሱን አስተካክላ፣ እንደ ድሮው ተፈታኝ ውጤቷን ልትሰማ ቆመች።

እጅ ፍሬን ጣሪያውን እያዩ፣

«አልፈሻል» አሉ።

ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። «በሉ እንግዲህ ይነሱ፣ ጋዜጣው ያልቅብዎታል።»

«ዛሬ ይቅር።»

ጫማቸውን አየች፤ ማታ እንዳወለቁት አልጋው ሥር ነው። ግራ እግራቸው ከብርድ ልብሱ ወጥቷል፤ እሷ እንዳስቀመጠችው ሆኖ ቀርቷል። ጎንበስ ብላ አውራ ጣታቸውን ጨበጠችው።

«ይሰማዎታል?»

«ምኑ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጠዋት። ፈተና ላይ ስለሆንሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

ለሐኪም ደወለች፣ ለወንድሟ ደወለች። ስትመለስ አባቷ እንደዚያው ናቸው።

«ምስክሮቹንም ጥሪያቸው» አሉ። «ቃሌን ልጨርስ።»

ተሽከርካሪው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ቤቱ የእሷ ነው። «አልፈሻል» የምትለዋንም ቃል ሰምታለች። ሁለቱንም አልፈለገቻቸውም፤ አባቷ ከአልጋ የሚነሱት ሲጥሏት ነበር።

«አባዬ፣ ፍሬን አልያዝኩም።»

«ይዘሻል።»

«አልያዝኩም አልኩ እኮ! ጥለውኝ ነበር፤ አሁንም ይጣሉኝ። ነገ እመለሳለሁ።»

እጅ ፍሬን አንገታቸውን አዙረው ወንበሩን አዩት። ፍሬኑ እንደተያዘ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ስንቱ ተፈታኝ ሲለምናቸው የመኪናውን በር ከፍተው የሚወርዱ ሰው ነበሩ። አሁን መውረጃ የለም።

«ወድቀሻል» አሉ፤ «ነገ ተመለሺ።»